ለትምህርት ቤት የጽዳት ኮንትራት በጀት ሲያዝ፦ ከብሩ በፊት ሰዓቱን መቁጠር

ጥያቄ፦ «አራት ኪሎ አካባቢ ባለ የግል ትምህርት ቤት የፋይናንስና አስተዳደር ኃላፊ ነኝ። ሕንጻችን ጂ+4 ነው፤ ከኬጂ እስከ 8ኛ ክፍል 900 ያህል ተማሪና 24 መማሪያ ክፍል አለን። ለመጪው ዓመት ጽዳቱን ለኤጀንሲ ለመስጠት ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስበናል። አንዱ በሰው፣ አንዱ በካሬ፣ አንዱ በጥቅል ነው ዋጋ የሰጡን፤ ዋጋቸው በጣም ይራራቃል። ቦርዱ በጀቱን አቅርብ ብሎኛል። ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

ሦስቱን ፕሮፎርማ ለጊዜው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጧቸው። ሦስቱም ዋጋ የሰጡት በየራሳቸው ግምት ላለ ሥራ ነው፤ የእርስዎ ሥራ ምን ያህል እንደሆነ ገና የቆጠረው ሰው የለም። በካሬ ያቀረበው ምናልባት ካርታው ላይ ያለውን ስፋት ወስዶ ይሆናል። ግን 20 ካሬ መጸዳጃ ቤት ከ200 ካሬ አዳራሽ የበለጠ ጊዜ ይበላል፤ ስለዚህ ካሬ ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። በሰው ያቀረበውም «አምስት ሠራተኛ» ሲል ስንት ሰዓት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ካልጻፈ ቁጥሩ ባዶ ነው።

መጀመሪያ የሚያስፈልግዎ አንድ ደብተርና ግማሽ ቀን ነው። ከጥበቃ በር ጀምረው እስከ ላይኛው ፎቅ እየዞሩ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ቦታው ምንድን ነው፣ በቀን ወይም በሳምንት ስንት ጊዜ ይጸዳል፣ ለአንድ ጊዜ ስንት ደቂቃ ይፈጃል። ደቂቃውን ለመገመት የሚከተሉት ቁጥሮች ለመነሻ ይበቃሉ። 40 ያህል ተማሪ የሚቀመጥበት ክፍል ወንበርና ዴስክ አስጠግቶ ለመጥረግ፣ አቧራ ለማንሳትና ቅርጫት ለመድፋት 12 ደቂቃ፣ ለመወልወል ተጨማሪ 8 ደቂቃ ይፈልጋል። መጸዳጃ ቤት የሚቆጠረው በዕቃ ነው፦ እያንዳንዱ መቀመጫ፣ የወንዶች መሽኛና የእጅ መታጠቢያ ለሙሉ እጥበት 3 ደቂቃ፣ በእረፍት ሰዓት ለሚደረግ ፈጣን ዙር 1 ደቂቃ። ኮሪደር በሰዓት 500 ካሬ ይጠረጋል፤ ሲወለወል ግን ወደ 250 ይወርዳል። አንድ ግንድ ደረጃ (ከአንዱ ማረፊያ እስከ ቀጣዩ ያለው) ከነመደገፊያው 8 ደቂቃ።

እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ አይመኑ። አንድ ክፍልና አንድ መጸዳጃ ቤት አሁን ባሉት ሠራተኞች ሲጸዱ በሰዓት ይለኩና ያስተካክሏቸው። ሲለኩ ሠራተኛዋ ላይ አይቁሙባት፤ የቆሙባት ሰው ከወትሮው ትፈጥናለች፣ እርስዎም የማይደገም ቁጥር ይዘው ይመለሳሉ።

አሁን የእርስዎን ሕንጻ እንሥራው። የመጸዳጃውን ብዛት ስላልገለጹ 30 መቀመጫ፣ 8 መሽኛና 22 የእጅ መታጠቢያ፣ በድምሩ 60 ዕቃ ብዬ ልውሰድ። ክፍሎቹ በየቀኑ ተጠርገው፣ ግማሾቹ በየተራ ቢወለወሉ 24 በ12፣ ሲደመር 12 በ8፣ 384 ደቂቃ ይመጣል፤ 6.4 ሰዓት ማለት ነው። መጸዳጃው አንድ ሙሉ እጥበት 3 ሰዓት፣ ሦስት ፈጣን ዙር ደግሞ 3 ሰዓት ይወስዳል። ኮሪደሩን 500 ካሬ ካደረግነው ጠዋት መጥረግ 1፣ መወልወል 2 ሰዓት። ስምንቱ ግንድ ደረጃ 1 ሰዓት። ቢሮ፣ ቤተ መጻሕፍትና የመምህራን ክፍል 10 ክፍል ቢሆኑ 2 ሰዓት። ግቢው 2 ሰዓት። ቆሻሻ ሰብስቦ ማውጣት 1 ሰዓት። ድምሩ 21.4 ሰዓት ነው።

አንድ ሠራተኛ 8 ሰዓት ብትውልም ልብስ መቀየሩ፣ ውሃ መቅዳቱና ከፎቅ ፎቅ መመላለሱ ተቀንሶ ለጽዳት የሚተርፈው ወደ 6.5 ሰዓት ነው። 21.4ን ለ6.5 ብናካፍል 3.3 ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «አራት ሠራተኛ ይበቃል» ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። ስህተቱ የሚፈጠረው እዚህ ጋ ነው። ተማሪ የሚወጣው ከቀኑ 9:30 ነው እንበል፤ ግቢው ደግሞ 12:00 ይዘጋል። ክፍሎቹ 6.4፣ የመጸዳጃው ሙሉ እጥበት 3፣ ደረጃው 1 ሰዓት፣ በድምሩ 10.4 ሰዓት ሥራ ከዚያች 2.5 ሰዓት ውጭ አይሠራም። 10.4ን ለ2.5 ሲያካፍሉ በዚያ ሰዓት ብቻ አራት ሰው ያስፈልግዎታል፤ እሱም ለጥቂት እየጠበበ። ጠዋት 12:30 ገብታ ግቢውን፣ ቢሮዎቹንና መጸዳጃውን ለተማሪ የምታደርስ አንዲት ሠራተኛ ስትጨመር አምስት ይሆናሉ። የሰዉን ብዛት የወሰነው ሥራው የሚፈቀድበት ሰዓት ነው፤ የሥራው ጠቅላላ ድምር ቢሆን ኖሮ አራት በበቃ ነበር።

ስለዚህ አንዷ ከ12:30 እስከ 9:30፣ አራቱ ከ3:00 እስከ 12:00 ይግቡ፤ ምሳው አንድ ሰዓት ነው። ቀን ላይ ትርፍ የሚመስለው ጊዜ ለኮሪደር፣ ለእረፍት ዙር፣ ለውሃ ቅጂና ለዝናብ ቀን ጭቃ ይሄዳል። የሳምንቱን ሥራ (መስኮት፣ የግድግዳ እድፍ፣ ዴስክ ላይ የተለጠፈ ማስቲካ) ቅዳሜ ግማሽ ቀን ያድርጉት፦ አምስት ሰው በ4 ሰዓት 20 ሰዓት ሥራ ነው። የሳምንቱ ድምር በሰው 44 ሰዓት ስለሚሆን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከተፈቀደው 48 ሰዓት አያልፍም፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያም አይመጣብዎትም። እሑድ ወይም በዓል ቀን ለወላጆች ቀን ዝግጅት ካስጠሯቸው ግን ሌላ ነው። በአዋጁ መሠረት የሳምንት እረፍት ቀን በ2፣ የሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል፤ የሥራ ቀን ትርፍ ሰዓት እስከ ምሽቱ 4:00 በ1.5 ነው። በዓመት ስንት ዝግጅት እንዳለዎት ቆጥረው ለብቻው መስመር ይስጡት።

«ለግማሽ ቀን ብቻ አራት ሰው ባገኝስ?» ብለው ያስቡ ይሆናል። በወረቀት ላይ ርካሽ ነው። ግን ከከተማው ዳር በሁለት ታክሲ ለሚመጣ ሰው የግማሽ ቀን ደመወዝ ትራንስፖርቱን ችሎ አይተርፍም፤ ሠራተኛ በየወሩ ሲቀያየር ያያሉ።

መጸዳጃ ቤቱን ነጥለን እንየው፤ የትምህርት ቤት ጽዳት በጀት የሚበላሸው እዚያ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለቀን ትምህርት ቤት በሰው በቀን 5 ሊትር ውሃ፣ በውሃ ለሚታጠብ መጸዳጃ ደግሞ ተጨማሪ ከ10 እስከ 20 ሊትር ይላል። ተማሪና ሠራተኛ 960 ሰው ካላችሁ ዝቅተኛውን ብንወስድ እንኳ በቀን 14,400 ሊትር ነው። 10,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ይዘው ውሃ በፈረቃ ከሚመጣበት ሰፈር ከተቀመጡ ውሃ በጠፋበት ቀን ከሰዓት በኋላ ባዶ ነዎት። ባዶ በሆነ ቀን ጽዳቱ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፦ በበርሜል ውሃ ማመላለስ፣ በጆግ መልቀቅ፣ የተደፈነ መክፈት። ለአንዲት ሠራተኛ ቢያንስ 2 ሰዓት ይጠይቃል። የሰፈሩን ፈረቃ ተመልክተው በወር ስንት ቀን እንደሚጠፋ ይቁጠሩና የቦቴ ውሃ ወጪውን ከጽዳት ኮንትራቱ ለይተው በትምህርት ቤቱ ስም ይያዙ። ኤጀንሲው ላይ ከጣሉት «ውሃ ስለሌለ አልታጠበም» የሚለው ሰበብ የዓመቱ መዝሙር ይሆናል። የፍሳሽ መምጠጫ መኪናና የሮቶ እጥበትም እንዲሁ ለብቻ ይያዙ።

ቀጥሎ የማጽጃ ዕቃው። የበረኪናው የክሎሪን መጠን 5 በመቶ ከሆነ (ጠርሙሱ ላይ ይነበባል) ለታጠበ መጸዳጃ በ1 ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በቀን 40 ሊትር ድብልቅ ቢወጣ 0.8 ሊትር ነው፤ በ22 የትምህርት ቀን ወደ 18 ሊትር። የወለል ፈሳሽ ሳሙና ለ10 ሊትር ባልዲ 30 ሚሊ፣ በቀን 20 ባልዲ፣ በወር 13 ሊትር። እነዚህን ሁሉ የሚበልጠው ፕሮፎርማ ላይ የማይጻፈው የእጅ መታጠቢያ ሳሙና ነው። 900 ተማሪ በቀን ሁለት ጊዜ በአንድ ጭምቅ 1.5 ሚሊ ቢጠቀም 2.7 ሊትር፣ በወር 59 ሊትር ይሆናል። ማን እንደሚገዛው ካልተጻፈ መስከረም ላይ ሳሙና ይኖራል፣ ኅዳር ላይ ማስቀመጫው ብቻ ይቀራል።

ዕቃውን በተመለከተ የእኔ ምክር ትምህርት ቤቱ ራሱ እንዲገዛ ነው፤ ኤጀንሲው የሰው ኃይልና መሣሪያ ብቻ ያቅርብ። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ በሚመጣ ጥሬ ዕቃ የሚሠራ ፈሳሽ ሳሙና ዓመቱን ሙሉ በአንድ ዋጋ አይቆይም። ዋጋው ተቆልፎበት የፈረመ ኤጀንሲ ሲጨንቀው የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፦ ማቅጠን። ዕቃ ቤትዎ ውስጥ ጄሪካኑን ከፍተው በጣትዎ ቢነኩት ሳሙናው እንደ ውሃ ሲፈስ ያገኙታል። ዕቃውን ኤጀንሲው ካላቀረበ የማይሆን ከሆነ ዋጋው በየስድስት ወሩ እንዲከለስ ይጻፉ፤ መጠኑ በሊትር ይቀመጥ፤ ጄሪካኑ ሳይከፈት በዕቃ ቤት ሠራተኛ እጅ ይረከብ።

ከዕቃው ሳንወጣ፦ በረኪናና የመጸዳጃ አሲድ በአንድ መደርደሪያ አይቀመጡ፣ በአንድ ሠራተኛ እጅም በአንድ ዙር አይሰጡ። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፤ አየር በሌለው ጠባብ መጸዳጃ ውስጥ ሰው ይጥላል። «በደንብ እንዲያስለቅቅ» ብሎ የሚቀላቅል ብዙ ነው። ሞፕና ባልዲም በቀለም ይለዩ፣ ቀይ ለመጸዳጃ፣ ሰማያዊ ለክፍል፤ ያለበለዚያ የኬጂ ልጆች የሚቀመጡበት ምንጣፍ በምን እንደተወለወለ ማንም አያውቅም።

አሁን ብሩን እናስላ። ለስሌት እንዲመች የአንዲት ሠራተኛ ደመወዝ 5,000 ብር ነው እንበል፤ በገበያው ባገኙት ቁጥር ይተኩት። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ እርስዎ ራስዎ ወለሉን በጨረታ ሰነዱ ላይ ካልጻፉ ፉክክሩ የሚካሄደው በሠራተኛዋ ደመወዝ ላይ ነው። የአሠሪው የጡረታ መዋጮ 11 በመቶ፣ 550 ብር። የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ስለሆነና ሕመምና ሐዘንም ስላለ 8 በመቶ ይያዙ፣ 400 ብር። ጋዋን፣ ቦት ጫማና ጓንት 250 ብር። በሰው 6,200 ብር፣ ለአምስት 31,000 ብር። የማጽጃ ዕቃውንም ኤጀንሲው ያቀርባል ብለን 14,000 ብር ብንገምት 45,000 ደረስን። ለሱፐርቫይዘር፣ ለአስተዳደርና ለትርፍ 15 በመቶ ሲጨመር 51,750 ብር። 15 በመቶ ቫት 7,762.50 ብር ነው። የወሩ ድምር 59,512.50 ብር።

ቫቱ ላይ ብዙ የትምህርት ቤት ሒሳብ ሠራተኛ ይሳሳታል። ትምህርት ከቫት ነፃ የሆነ አገልግሎት ስለሆነ ትምህርት ቤቱ ከወላጅ ቫት አይሰበስብም፤ ለኤጀንሲው የከፈለውንም የሚያቻችልበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ያ 7,762.50 ብር ሙሉ በሙሉ ወጪ ነው፤ በጀቱን ያለ ቫት ለቦርድ ያቀረበ ሰው በየወሩ ይጎድልበታል። ተቀናሽ ግብሩ (ዊዝሆልዲንግ) ግን ከኤጀንሲው ክፍያ ላይ ቀንሰው የሚያስገቡት ስለሆነ በጀትዎን አይጨምርም።

ይህን ስሌት ይዘው አሁን ፕሮፎርማዎቹን ከመሳቢያ ያውጡ። ለአምስት ሰው ደመወዝና ጡረታ ብቻ 27,750 ብር ነው። ዕቃውን ጨምሮ ከቫት በፊት 32,000 ብር ያቀረበ ካለ ለዕቃ፣ ለፈቃድ፣ ለልብስ፣ ለሱፐርቫይዘርና ለትርፍ የቀረው 4,250 ብር ነው። ለእጅ ሳሙናው እንኳ አይበቃም። እንዲህ ያለው ኤጀንሲ ወይ ሠራተኛዋን ዝቅ አድርጎ ይከፍላል፣ ወይ ጡረታ አይገባም፣ ወይ አምስት ብሎ አራት ይልካል። በሦስቱም መንገድ ጣጣው የሚመጣው እርስዎ በር ላይ ነው። በጣም የናረውን ሲያዩ ደግሞ የትኛው መስመር ላይ እንደናረ ይጠይቁ እንጂ ከድምሩ ላይ «ትንሽ ቀንሱልን» አይበሉ፤ ድምር ላይ የተቀነሰ ብር ተመልሶ የሚወጣው ከሰውና ከሳሙና ነው።

ቦርዱ «ራሳችን ብንቀጥርስ?» ማለቱ አይቀርም። በሠራተኛው ክፍል ላይ ብቻ 31,000 ብር በኤጀንሲ በኩል 15 በመቶ ከዚያም ቫት ተጨምሮበት 41,000 ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ በወር 10,000 ብር ያህል ነው። በዚያ ገንዘብ የሚገዙት የቀረችን ሠራተኛ በዚያው ጠዋት የሚተካ ሰው፣ የቁጥጥር ሥራና የቅጥር ጣጣን ማራቅ ነው። ኤጀንሲው ተተኪ በ2 ሰዓት ውስጥ ለመላክ በጽሑፍ ካልተስማማ 10,000 ብሩን ለምን እንደሚከፍሉ አይታየኝም።

ዓመቱ 12 እኩል ወር አይደለም። ከመስከረም እስከ ሰኔ በ59,512.50 ብር 595,125 ብር ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሁለት ሠራተኛና 3,000 ብር ዕቃ ቢበቃችሁ በተመሳሳይ ስሌት በወር 20,366.50፣ ለሁለቱ 40,733 ብር። የሁሉም የዓመት ፈቃድ ሐምሌ ላይ እንዲወጣ በኮንትራቱ ያስገቡ፤ ያቺ በየወሩ የከፈሏት 400 ብር አብዛኛዋ ለዚህ የተጠራቀመች ናት፤ በትምህርት ወቅትም ተተኪ ፍለጋ ይቀንሳል። ክፍያው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ጳጉሜን በግልጽ ይጻፉ። የዓመቱ ትልቁ እጥበት፣ ቀለም የነካው ወለል፣ ክረምቱን የተዘጋ ክፍል፣ የሻገተ ግድግዳ፣ ሁሉ የሚወድቀው በእነዚያ አምስት ቀናት ነው (በዘመነ ሉቃስ ስድስት)። «በወር» ተብሎ በተፈረመ ውል ኤጀንሲው ጳጉሜ የእኔ አይደለችም ቢል መልስ የለዎትም። ለእሱ የጥቅል ዋጋ ለብቻ ያስቀርቡ። በሁለቱ ድምር በ635,858 ብር ላይ 10 በመቶ መጠባበቂያ ሲጨምሩ ወደ 700,000 ብር ይጠጋል፤ ጳጉሜ፣ ትርፍ ሰዓት፣ ቦቴና ፍሳሽ ከዚህ ውጭ ናቸው።

ውሉ ላይ የማይቀሩ ጥቂት ነገሮች። የጽዳት ሠራተኛ ለቢሮ ሻይ አታፈላም፣ አትላላክም፣ ዴስክ ከፎቅ ፎቅ አታጓጉዝም፤ ይህ ካልተጻፈ ከአምስቱ አንዷ በወር ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ ሆና ያገኟታል፤ እርስዎ ግን የጽዳት ዋጋ እየከፈሉላት ነው። ልጆች ያሉበት ግቢ ስለሆነ የፖሊስ አሻራና ተያዥ ከመግባታቸው በፊት ይቅረብ፤ የሴቶችን መጸዳጃ በትምህርት ሰዓት ሴት ብቻ ትግባ። ቆሻሻው የኤጀንሲው ኃላፊነት እስከ ግቢው ማጠራቀሚያ ነው ወይስ እስከ ሰብሳቢ ማኅበሩ ድረስ? አንዱን ይምረጡ፤ ደጅ ላይ ቆሞ ያደረ ከረጢት በደንብ ማስከበር የሚያስቀጣው ትምህርት ቤቱን ነው። የደመወዝ መክፈያ ሰነድና የጡረታ ገቢ ደረሰኝ ከየወሩ የክፍያ ጥያቄ ጋር ይያያዝ። ለጎደለ ሥራ ቅጣት ካስገቡ ከሠራተኛዋ ደመወዝ እንዳይቆረጥ ያክሉበት፤ አለዚያ የኤጀንሲውን ጥፋት የምትከፍለው እሷ ናት።

ቁጥጥሩ ቀላል ይሁን። በየመጸዳጃው በር ጀርባ አንድ ወረቀት፣ ሰዓትና ፊርማ። እርስዎ ወይም የጥበቃ ኃላፊው በሳምንት ሁለት ቀን ሳይነገር፣ አንዱን ከምሳ እረፍት በኋላ አንዱን ጠዋት 1:30፣ ሦስት ቦታ ይዩ፦ የመቀመጫውን ሥር፣ የመጨረሻውን ፎቅ ደረጃ ማዕዘን፣ የሳሙና ማስቀመጫውን። እነዚህ ሦስቱ ከጸዱ ሌላው የመጽዳቱ ዕድል ሰፊ ነው።

ሦስቱን ኤጀንሲዎች እንደገና ይጥሯቸው። ግቢውን አሳይተው የቦታ ዝርዝሩን፣ የደቂቃውንና የፈረቃውን ሰንጠረዥ፣ የደመወዙን ወለልና ከላይ ያየናቸውን የዋጋ መስመሮች ባዶ አድርገው ይስጧቸው፤ እንዲሞሉ አምስት የሥራ ቀን ይበቃል። በሰኔ ከጨረሱ ሐምሌ ላይ ፈርመው ለጳጉሜው እጥበት ይደርሳሉ። ነሐሴ ላይ ከጀመሩ ግን ሁሉም ትምህርት ቤት በአንድ ጊዜ ሰው የሚፈልግበት ወቅት ነውና የተረፈውን ነው የሚያገኙት። ሰንጠረዡን በመስመር አልሞላም፣ ዋጋዬ ጥቅል ነው የሚል ካለ ከዝርዝሩ ያውጡት።